ከተጫነ በኋላ ያለው ጣጣ

ሶፍትዌር ጽፎ መጨረስ አንድ ሥራ ነው፤ ያንኑ ሶፍትዌር የማላውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ አድርሶ በሰላም ማስቀመጥ ደግሞ ሌላ ሥራ። ስለ መጀመሪያው ይወራል፣ ይጻፋል፣ ሥልጠና ይሰጣል። ሁለተኛው የሚነሣው ሲበላሽ ብቻ ነው። እንጀራዬን የምበላው በሁለተኛው ስለሆነ ዛሬ ስለ እሱ ላውጋችሁ።

ከእኔ በፊት ሌሎች የጀመሩት፣ ኋላ ለእኔ የተላለፈ አንድ የአማርኛ መጻፊያ ፓኬጅ አለ። የላቲኑን ፊደል በድምፁ እየነኩ የእኛን ፊደል የሚያወጡበት ኪቦርድ፣ ጥቂት ፎንቶች፣ እንዲሁም ግድፈት የሚያርም የቃላት ዝርዝር ይዟል፤ ተጠቃሚው በዝርዝሩ ላይ የራሱን ቃላት መጨመር ይችላል። ኮምፒውተር ፊደላችንን ካወቀ እርግጥ ቆይቷል። ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጥቷል። ቢሆንም ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤቶች ሁሉንም አንድ ላይ የሚያስገባላቸው ነገር ይፈልጋሉ። ማሽኑ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ጋ ኡቡንቱ፣ አንዱ ጋ ዊንዶውስ፣ ውጭ ያሉት ዘመዶቻችን ጋ ማክ ነው።

ፓኬጅ ሲጫን በዓይን የሚታየው ሥራ ፋይል መገልበጥ ነው። ፋይሉ ስለተገለበጠ ብቻ ግን ነገሩ አይሠራም። ፎንቱን ሲስተሙ ሊያውቀው ይገባል፤ ኪቦርዱ ሰዓቱ አጠገብ ካለው የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ መታየት አለበት። ይህን የሚጨርሰው ከፓኬጁ ጋር አብሮ የሚጓዝ ትንሽ ስክሪፕት ነው። ደቢያንና ኡቡንቱ ፖስትኢንስት ይሉታል፣ ፌዶራ ፖስት፣ ማክ ፖስትኢንስቶል፤ ዊንዶውስ ላይ ይኸው ሥራ በከስተም አክሽን ይሠራል። ስማቸው ይለያይ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጡት በማሽኑ ትልቁ ሥልጣን ነው። ያውም የጻፋቸው ሰው በሌለበት፣ ባለቤቱም ስክሪኑን በማያይበት ሰዓት። እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ ሳስባቸው እስካሁን ያስፈሩኛል።

ፓኬጁን እንደተረከብኩ መጀመሪያ የተጠራሁት ወደ አንድ የክልል ከተማ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ማሽኖቹ በሙሉ ኡቡንቱ ናቸው። ፓኬጁ በፍላሽ ተልኮላቸው ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው የጫኑት። ኃላፊዋ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ ሴት ናቸው። ገና ወንበር ሳልይዝ፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ከገባ ወዲህ ኮምፒውተሮቹ ታመሙብኝ። ምን ብንጭን መጨረሻው ስሕተት ነው» አሉኝ።

«እስቲ እርስዎ እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በደብተር የጻፏትን ትእዛዝ እያዩ አንድ የፒዲኤፍ ማንበቢያ መጫን ጀመሩ። ማንበቢያው ገባ። ቀጥሎ ግን ማንም ሳይጠራው የእኛ ፓኬጅ ስም ብቅ አለ፤ «በማዋቀር ላይ» አለና ቆመ። ጠበቅን። ሻይ መጣ፤ አሁንም ቆሟል። በመጨረሻ የስሕተት መልእክት ደርድሮ ሥራው ሁሉ እንዳልተሳካ ነግሮን ወጣ። የፓኬጆቹን ዝርዝር ስከፍት የእኛው ፊት ለፊት አይ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደላት ተቀምጠዋል፦ ፋይሎቹ ገብተዋል፣ ማዋቀሩ ተጀምሮ ከሽፏል ማለት ነው። ሲስተሙ እንዲህ በግማሽ የቀረ ፓኬጅ ካለው ዝም ብሎ አያልፈውም። ሌላ ነገር በተጫነ ቁጥር ተመልሶ ይሞክረዋል፤ ባልተሳካ ቁጥርም ጠቅላላውን ሥራ «ስሕተት» ብሎ ይዘጋዋል። ሴትዮዋ ማንበቢያው መግባቱን እንኳ በምን ይወቁ?

ስክሪፕቱን ከፍቼ ሳነብ ምክንያቱ አንድ መስመር ሆኖ ተገኘ። ፓኬጁ እንዳይከብድ ሲባል ሙሉው የቃላት ዝርዝር ውስጡ አልገባም፤ በመጫኛው ሰዓት ከኢንተርኔት እንዲወርድ ነው የታዘዘው። የስክሪፕቱ ራስ ላይ ደግሞ አንድ ትእዛዝ ከከሸፈ ሁሉም ይቁም የሚል መመሪያ አለ፤ ይህ በራሱ ተገቢ ነው። እዚያ ቤት ግን ዋይፋዩ ተያይዞ ኢንተርኔቱ የማይኖርበት ቀን ብዙ ነው። ማውረጃው መልስ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ ይከሽፋል። ይህን ያዘዘው ባለሙያ ኢንተርኔት በማይጠፋበት ቢሮ ተቀምጦ ነው የጻፈው። ዝርዝሩን ፓኬጁ ውስጥ አስገባሁት። ከበደ፤ ይክበድ። በፍላሽ የሚሄድ ነገር መንገድ ላይ የሚለምነው ነገር ሊኖር አይገባም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር ብከራከር አልታክትም።

የተስተካከለውን እየጫንኩ ሳለሁ መብራት ሄደ። በጀነሬተር የሚሠራ ግቢ አልነበረም፤ ማሽኖቹ ባሉበት ድርግም አሉ። የደቢያን የፓኬጅ ደንብ፣ አንድ ስክሪፕት መሀል ላይ ተቋርጦ ቢደገም ውጤቱ አንድ ጊዜ በደንብ ከሠራው እንዳይለይ ያዝዛል። ይህን ደንብ በመጽሐፍ ያነበበው ሰው ይስማማና ያልፋል። መብራት በሥራ መሀል የሚሄድበት አገር የሚኖር ሰው ግን የዕለት ጉዳዩ ነው። መብራቱ ሲመለስ የቀረውን አዋቅር የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ስክሪፕቱም ከመጀመሪያው ተነሥቶ ሮጠ። አንዱ ማሽን ላይ የሲስተሙን የግብአት ቅንብር ፋይል ስከፍት የእኛ መስመር ሁለት ቦታ ተጽፏል። የድሮው ስክሪፕት መስመሩ መኖር አለመኖሩን ሳይጠይቅ ከፋይሉ ግርጌ ይጨምር ነበር፤ ይህን ክፍል ገና አልነካሁትም ነበር። ሁለት ጊዜ የተጻፈ መስመር ያን ቀን ምንም አልጎዳም። መብራት በየጊዜው በሚቆራረጥበት ቤት ግን ያ ፋይል ከዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል አስቡት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ስክሪፕት ስጽፍ ሆን ብዬ መሀል ላይ እገድለዋለሁ፤ ደግሜም አስነሣዋለሁ። በየመስመሩ እየቆረጥኩ እፈትነዋለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የምተወው ግን አይደለም።

ሁለተኛው ጥሪ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምር ወዳጄ መጣ፤ እሱ ፌዶራ ነው የሚጠቀመው። «ወንድሜ፣ አዲሱን ቨርዥን ስጭን ኪቦርዱ ጠፋ። ፎንቱ አለ፣ ዝርዝሩ አለ፣ ኪቦርዱ የለም» አለኝ። አጥፍቶ እንደ አዲስ ሲጭነው ግን ይሠራል። የሚጠፋው በአፕዴት ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ፌዶራ ፓኬጆችን የሚጭንበትን የአርፒኤምን አካሄድ ያላወቀ ሰው ይህን እንቆቅልሽ አይፈታውም። ብዙ ሰው አሮጌው ወጥቶ ሲያበቃ አዲሱ የሚገባ ይመስለዋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ አዲሱ ይገባና የመጫኛ ስክሪፕቱ ይሮጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የአሮጌው መሰናበቻ ስክሪፕት ተራ የሚደርሰው። የመጨረሻው ተናጋሪ ተሰናባቹ ነው። የእኛ አዲስ ስክሪፕት ገብቶ በሲስተሙ የኪቦርዶች መዝገብ ውስጥ ስማችን መኖሩን አየ፤ ስለነበረም ምንም አልጨመረም። ቀጥሎ አሮጌው ሲወጣ ያንኑ ስም ከመዝገቡ ሰረዘው። ሲስተሙ ለዚህ መላ አዘጋጅቷል፤ ለእያንዳንዱ ስክሪፕት ስንት ቨርዥን እንደሚቀር በቁጥር ይነግረዋል። ለሚወጣው ስክሪፕት ቁጥሩ 0 ከሆነ ፓኬጁ ጨርሶ እየጠፋ ነው፤ 1 ከሆነ ቦታውን ለአዲሱ እየለቀቀ ነው። የእኛ አሮጌ ስክሪፕት ቁጥሩን አይጠይቅም ነበር።

ይበልጥ የከበደኝ ግን መድኃኒቱ ነው። ስሕተቱ ያለው ቀድሞ ሰው ማሽን ላይ በገባው ስክሪፕት ውስጥ ነው። አዲሱን የቱንም ያህል ባሳምረው፣ አሮጌው በሲስተሙ ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጦ የስንብቱን ቀን ይጠብቃል፤ ቀኑ ሲደርስም እንደተጻፈው ይሮጣል። ደግነቱ ሁሉም ገብቶ፣ ሁሉም ወጥቶ ካበቃ በኋላ የሚሮጥ ሌላ ክፍል አለ፤ ፖስትትራንስ ይባላል። አዲሱ ቨርዥን አሮጌው የሰረዘውን እዚያ ላይ እንዲመልስ አደረግሁ። በሚቀጥለው ቨርዥን ደግሞ መዝገቡን መነካካት ፈጽሞ ተውን፤ ያ ፋይል የሌላ ፓኬጅ ንብረት ነው፣ ባለቤቱ ራሱን ባሻሻለ ቁጥርም የእኛን ጭማሪ ጠርጎ ይሄዳል። አሁን አይባስ የሚባለው የመጻፊያ ሥርዓት ራሱ የሚያነበው፣ በስማችን የተሰየመ የራሳችን ትንሽ ፋይል አለን። እሱን በቦታው ማስቀመጥ ይበቃል።

ከሁሉም የሚቆረቁረኝ ግን የዊንዶውሱ ነው።

ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ፓኬጃችንን ጭናለች። እዚያ የምትሠራው ልጅ ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ፣ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ ስትመታ የምትውል ናት። መጫኛው «ተሳክቷል» አላት። ማሽኑን አጥፍታ አበራችና የይለፍ ቃሏን ጻፈች፤ አልገባም። ደገመች፤ አልገባም። ወረፋ የያዙ ደንበኞች ቆመው ያዩአታል። እኔ ስደርስ ፊቷ ላቦት፣ «ጋሼ፣ በእናትህ አንድ ነገር አድርግልኝ፤ የሰው ውል ውስጡ ነው» አለችኝ። የመግቢያውን ስክሪን ወደ ታች ወደ ቀኝ ጥጉ አየሁት፤ የቋንቋ ምልክቱ አማርኛ ላይ ነው። የይለፍ ቃሏን በላቲን ፊደል የጻፈች መስሏት፣ ከጥቁር ነጥቦቹ ጀርባ በግእዝ ፊደል እየጻፈች ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ቀየርነውና ገባች። ከገባች በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ፤ ዴስክቶፑ ላይ አማርኛ ኪቦርድ የለም።

በማያስፈልግበት አለ፣ በሚያስፈልግበት የለም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዊንዶውስ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚመርጣቸው ኪቦርዶች በራሱ የሬጅስትሪ ክፍል ይመዘገባሉ። የእኛ መጫኛ «በአሁኑ ተጠቃሚ ክፍል ውስጥ አማርኛን አንደኛ አድርገህ መዝግብ» ይላል። ትእዛዙን የሚፈጽመው ከስተም አክሽን ግን የሚሮጠው ሲስተም በሚባለው የማሽኑ የራሱ አካውንት ነው። ስለዚህ ለእሱ «የአሁኑ ተጠቃሚ» ሲስተም ራሱ እንጂ ልጅቷ አይደለችም። የሲስተም የኪቦርድ ምርጫ ደግሞ የሚታየው አንድ ቦታ ነው፦ ማንም ገና ሳይገባ በሚመጣው የመግቢያ ስክሪን ላይ። ስክሪፕቱ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል፣ መጫኛውም «ተሳክቷል» ሲል አልዋሸም። በዚህ መሀል አንዲት ሠራተኛ በደንበኞቿ ፊት ከገዛ ማሽኗ ውጭ ቀረች።

አቋሜ ሙሉ በሙሉ የጠራልኝ እዚያች ቤት ነው። መጫኛ ያለው ሥልጣን በማሽኑ ላይ ነው፤ በሰውየው ላይ አይደለም። ቁም ሣጥን ተሸክሞ ቤት ያስገባ ሰው የታዘዘበት ግድግዳ አጠገብ አስቀምጦ ይወጣል እንጂ የባለቤቱን ልብስ አያጣጥፍም። የትኛው ኪቦርድ አንደኛ ይሁን፣ የግል የቃላት ዝርዝሩ የት ይቀመጥ፣ በየትኛው ቁልፍ ይቀያየር የሚሉት የተጠቃሚው ጉዳዮች ናቸው። እሱ ፕሮግራሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት፣ በእሱ ስምና በእሱ ፈቃድ ሊጠየቁ ይገባል።

በማኩም የገጠመን የዚሁ ወንድም ነው። ሜሪላንድ ያለችው የአጎቴ ልጅ የልጆቿን የአማርኛ ትምህርት በፓኬጃችን ታዘጋጃለች። በስልክ፣ «ወንድምዬ፣ የጨመርኳቸው ቃላት ስዘጋው ይጠፋሉ፤ የልጆቹን ስም እንኳ በየቀኑ ስሕተት ነው ይለኛል» አለችኝ። የእሷ ከሰዓት የእኔ እኩለ ሌሊት ነው፤ ልጆቹ ከኋላ ይንጫጫሉ። ተርሚናል አስከፍቼ የፎልደሩን ዝርዝር በቃል አስነበብኳት። ፋይሉ አለ፣ ቦታውም ትክክል ነው፤ ባለቤት በሚለው ዓምድ ላይ ግን ያለው የእሷ ስም ሳይሆን ሩት የሚባለው የማሽኑ የበላይ አካውንት ነው። የመጫኛው ስክሪፕት ከእሷ የግል ፎልደር ውስጥ ገብቶ ባዶ ዝርዝር ፈጥሮላታል፤ የፈጠረው በሩት ሥልጣን ስለሆነ ፋይሉ የሩት ሆነ። ፕሮግራሙ በእሷ ስም ሲከፈት ማንበብ ይችላል፣ መጻፍ ግን አይፈቀድለትም። ባለቤትነቱን በአንድ ትእዛዝ አዛወርንላት። የልጆቹ ስም በማግስቱ ስሕተት መሆኑ ቀረ።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በ2001 አፕል አይቲዩንስ 2ን ለማክ ሲያወጣ፣ መጫኛው ውስጥ በዲስኩ ስም ዙሪያ የጥቅስ ምልክት ሳይደረግ ቀርቶ ስማቸው ላይ ክፍት ቦታ ያለባቸው ዲስኮች ፋይል ተደምስሷል፤ ኩባንያው መጫኛውን ወዲያው ሰብስቦ ያረመውን አወጣ። በ2011 ባምብልቢ በሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም የመጫኛ ስክሪፕት ውስጥ አንዲት ያልተፈለገች ክፍት ቦታ ገብታ፣ አንድ ንዑስ ፎልደር ብቻ ሊጠፋ ታስቦ ሳለ ዩኤስአር የተባለው ዋና ፎልደር በሙሉ እንዲጠፋ አዘዘች። እነዚህ ተንኮል የሌለባቸው ናቸው። በ2018 ግን ኢኤስሊንት ስኮፕ በተባለ የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ላይ ሌቦች ስክሪፕት ጨምረው፣ የጫነውን ሰው የመለያ ቁልፍ በዚያው ከመጫን በኋላ በሚሮጠው ደረጃ ሰርቀዋል። ፒኤንፒኤም የተባለው መሣሪያ ከቨርዥን 10 ጀምሮ የጥገኛ ፓኬጆችን ስክሪፕት ካልተፈቀደ በቀር አላስሮጥም ያለው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው። ትክክል አድርጓል።

የሲስተሞቹ ሠሪዎችም ወደዚያው እየሄዱ ነው። ደቢያን ላይ ትሪገር የሚባል አሠራር አለ፤ ፎንት የሚያስተዳድረው ፓኬጅ የፎንት ፎልደሩን ይጠብቃል፣ አዲስ ፎንት ሲገባም መዝገቡን ራሱ ያድሳል። አርፒኤምም ከ4.13 ጀምሮ የተሟላ የፋይል ትሪገር አለው። እኛ ፎንቱን አስቀምጠን እንወጣለን። ድሮ በየፓኬጁ ይደጋገም የነበረ ትእዛዝ ዛሬ አንድ ቦታ፣ ሥራውን በሚያውቀው ሰው እጅ ተጽፎ ተቀምጧል። በዚህ ምክንያት የእኛ የኡቡንቱ ፖስትኢንስት እየቀነሰ ሄዶ ባዶ ሆነ። ፋይሉን ሳጠፋው ከልቤ ደስ አለኝ።

የዊንዶውሱን አልጨረስኩትም። ኪቦርዱን ለማሽኑ መመዝገብ የግድ የመጫኛው ሥራ ስለሆነ እሱ ቀርቷል፤ ከጎኑም መሀል ላይ ቢቋረጥ የተመዘገበውን የሚመልስ ክፍል ጨምረናል። ለተጠቃሚው ማስተዋወቁ ግን ወደ መጀመሪያው መክፈቻ ተዛውሯል። ልጅቷ አዲሱን ስትከፍት ትንሽ መስኮት መጥቶ አማርኛን ከኪቦርዶቿ ጋር ልጨምር ወይ ብሎ ጠየቃት፤ እሺ አለች፤ አማርኛ ሰዓቱ አጠገብ ታየ። የመግቢያው ስክሪንም ወደ እንግሊዝኛው ተመለሰ።

አሁን የያዝኩት የማራገፉን ጉዳይ ነው። ሰው ፓኬጁን ሲያጠፋ ለዓመታት ያጠራቀማቸው የግል ቃላት ምን ይሁኑ? ደቢያን ማንሣትንና ከነቅንብሩ ጠራርጎ ማጥፋትን ለይቶ ያያቸዋል፤ ማክ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ፓኬጅ ማራገፊያ እንኳ አያዘጋጅም። የሥራ ባልደረቦቼ ማሽኑ ንጹሕ ሆኖ ይቅር ይላሉ። እኔ የግል ዝርዝሩ በየትኛውም ሲስተም ላይ አይነካ ባይ ነኝ፤ የአጎቴ ልጅ የጻፈቻቸውን ስሞች የማጥፋት ሥልጣን ያላት እሷ ብቻ ናት። የሚቀጥለው ቨርዥን እንዲሁ ሆኖ ይወጣል።